እናኑ ያለችበት ነጥብ

አንድን የጠፋ ነገር ያገኘው ማን ነው ይባላል? ያለበትን ቦታ ቀድሞ የያዘው፣ ፈላጊው መንገድ እንዳይስት የጠበቀው፣ ወይስ በእጁ የነካው? ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ኖሬያለሁ። በታሪኩ ውስጥ ካሉት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ። ስሜ ማስተዋል ነው፤ ለራሴ እንዳላዳላ ግን ማስተዋልን እንደ ሌላ ሰው በስሟ እየጠራሁ አወራላችኋለሁ።

በአንድ ወቅት፣ ያውም ብዙ ሩቅ ባልሆነ ወቅት፣ ሰሳ በር የሚባል መንደር ነበር። ዛሬ የለም። ከበታቹ ግድብ ተሠርቶ ውሃ ሸፈነው። ሰዉ ወደ ላይኛው ሜዳ ሲዛወር፣ የቻለ የዘመዱን አጽም አስነስቶ ይዞ ወጣ። እማማ አትጠገብ ግን ያኔ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ባል የላቸው፣ ወንድም የላቸው። የነበረቻቸው አንዲት ልጅ እናኑ ነበረች፤ እሷም በሕፃንነቷ ሞታ እዚያው ሰሳ በር ተቀብራለች። የሚያነሳት አልነበረም። እናትየው ድነው ሲመለሱ፣ መቃብሩ በነበረበት ላይ ዳክዬ ሲዋኝ አዩ።

ከዚያ ወዲህ ሥራቸው ውሃው ዳር መቀመጥ ሆነ። የሚመኙት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ከመሞታቸው በፊት ልጃቸው ካለችበት በላይ ሆነው ስሟን መጥራት።

"መቃብሮቹ የተጠጋጉ ናቸው" ይሉ ነበር። "ትንሽ ከሳትኩ እኮ የምጠራው የሌላ ሰው ልጅ ነው። የኔዋ ደግሞ እናቴ አልመጣችም ብላ ትተኛለች።"

አንማው ቀያሽ ነው። ውሃው የሚደርስበትን ወሰን ሊያመለክት ሰሳ በር ከሄደው ቡድን ጋር ነበር። በመጨረሻው ቀን ዙሪያዋ በጠጠር የተከበበ አንዲት ትንሽ መቃብር አይቶ የማን እንደሆነች ጠየቀ። "የአትጠገብ ልጅ ናት። እናቷ ታማለች፣ የሚያነሳት የለም" አሉት። የያኔው መሣሪያ ከባድ ነበር፤ አንድን ነጥብ በትክክል እንዲይዝ ሳይነካ ለረጅም ጊዜ መቆም ነበረበት። መኪናው ሞተሩን አስነስቷል። አለቃው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መቃብር ለካ ያለህ ማነው?" እያለ ይጮሃል። አንማው መሣሪያውን እናኑ ራስጌ ተክሎ አጠገቡ ቁጭ አለ። መኪናው ጥሎት ሄደ። እቃውን ተሸክሞ በእግሩ ገባ፤ ማንም ያልጠየቀውን የቦታዋን ቁጥርም ሳይጥል አኖረው። ይህ ሰው የራሱ እናት የት እንደተቀበረች አያውቅም።

ማስተዋል ቅየሳ ተምራ አንማው የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የገባች ልጅ ናት። ወላጆቿን አታስታውሳቸውም። ከሰው ጋር ማውራት ስለሚከብዳት ምሳዋን የምትበላው መጽሐፍ ከፍታ ነው። አንማው የእናኑን ነገር ያጫወታት ዕለት፣ መጽሐፏን ዘግታ "አዲሱ መሣሪያ ያደርሰናል" አለችው። አዲሱ መሣሪያ ጥንድ ነበር። ከሳተላይት የሚመጣው ምልክት መንገድ ላይ ስለሚዛባ፣ አንደኛው ቦታው በሚታወቅ ነጥብ ላይ ተተክሎ የስህተቱን መጠን ለሌላኛው በሬዲዮ ይነግረዋል። ሌላኛው ያንን እያረመ፣ በጀልባ ላይ እንኳ ሆኖ ያለበትን ቦታ በጣት ውፍረት ልክ ያውቃል። የተተከለው ከተነቃነቀ ግን ሁሉም ይበላሻል፤ ስለዚህ አንድ ሰው አጠገቡ መቅረት አለበት። ቅጥሯ ገና ያልጸናላት ማስተዋል ጥንዱን በእሑድ ቀን ሳታስፈቅድ ይዛ ወጣች። የሚታወቀው ነጥብ ያለው ከውሃው በላይ ኮረብታ ላይ ነበር፤ እዚያ የምትቀረውም እሷው ሆነች።

ሦስተኛው ጓዴ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ነው። እናቱ እሱን ስትወልድ ነው የሞተችው፤ በሰው ቤት አደገ። ጀልባውን ሲጠይቁት መጀመሪያ ሳቀ። አንማው የያዘውን ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ክብ ነገር አየና "ጋሼ፣ ሙት የምታገኘው ይቺ እንጉዳይ ናት?" አለ።

"አንተ ዝም ብለህ ቅዘፍ። እንጉዳይዋ እንደ ጀልባህ አትንጋደድም።"

እማማ አትጠገብ መሃል ተቀመጡ። አንማው መሣሪያውን እያየ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ይላል፤ ጓዴ ይቀዝፋል። ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ሰማዩ ጠቆረና ኮረብታው ላይ መብረቅ ወረደ።

አንማው ሬዲዮውን አነሳ። "ማስተዋል! ነቅለሽ ውረጂ!"

"ደረሳችሁ?"

"ትንሽ ቀርቶናል። ውረጂ አልኩሽ!"

"እንግዲያው አልነቅልም" አለች። በሕይወቷ ሰውን እንቢ ስትል የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። በመሣሪያው እግሮች ላይ ድንጋይ ከመረች፤ ከዚያ ሳትነካው በነፋሱ በኩል ቆማ ከለለችው። በረዶው ጀርባዋን እየደበደባት ከዚያ ንቅንቅ አላለችም።

"እዚህ ነው" አለ አንማው።

ጓዴ ሸሚዙን አውልቆ የገመዱን ጫፍ ይዞ ጠለቀ። ውሃው ጭቃ ነው፣ ታቹም የሰመጠ ዛፍ ቅርንጫፍ ነው። ባዶ እጁን ወጣ። እንደገና ጠለቀ፤ በአፍንጫው ደም እየፈሰሰ ወጣ። "ይብቃህ" አለው አንማው። ጓዴ ትንፋሹን ሰበሰበና ሦስተኛ ጊዜ ወረደ፤ በጣም ቆየ። ሲወጣ ገመዱ ታች ታስሮ ቀርቷል።

"እጅህ ምን ነካ?" አሉት እማማ አትጠገብ።

"ድንጋይ ነው እማማ። መሃሉ ጎድጎድ ያለ። ወፍጮ መሰለኝ።"

አሮጊቷ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። "ወፍጮዬ ነው። ከእንግዲህ ለማን እፈጫለሁ ብዬ ራስጌዋ ያኖርኩት።" ከዚያ ወደ ውሃው አጎንብሰው "እናኑ! እናኑዬ! መጣሁልሽ" አሉ።

አንማው የሬዲዮውን ቁልፍ እንደተጫነ ረስቶት ስለነበር ማስተዋል ኮረብታው ላይ ሆና ሁሉንም ሰማች። የገመዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ ለምልክት ቢጫ ጀሪካን ሲያስሩም ሰማች። ከዚያ ደግሞ ይህን ሰማች፤

"እዚያ ላይ የቀረችው ማናት?"

"መሣሪያ የምትጠብቅ ልጅ ናት፣ እማማ።"

"ብቻዋን? በዚህ በረዶ?"

"ብቻዋን።"

ውሃው ዳር ሲደርሱ አሮጊቷ ተናገሩ፤ ሬዲዮው አሁንም እንደተከፈተ ነበር። "የጡት ልጅ ላደርግ ነው። አውራ ጣቴን ማር ነክሬ አጠባለሁ፤ የጠባው ልጄ ነው፤ እኔም እናቱ ነኝ። ግን አንድ ልጅ ብቻ ነው የነበረችኝ፤ የአንድ ልጅ እናት መሆን ብቻ ነው የማውቀው። እናንተው ሦስታችሁ ተስማሙና አንዳችሁ ኑ።"

ማስተዋል መሣሪያውን ነቅላ፣ ጠርጋ፣ ተሸክማ ስትወርድ ዝናቡ አባርቶ እማማ አትጠገብ ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር። ሦስቱ እርጥብ ሣር ላይ ተቀመጡ።

"እኔ ያን ቀን ባልቀር ምን ትፈልጉ ነበር?" አለ አንማው።

"እኔ ባልጠልቅ ደግሞ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ውሃ ላይ ስትዞሩ ታመሹ ነበር" አለ ጓዴ።

ማስተዋልን አዩዋት። እሷ የመሣሪያውን ሣጥን ትዘጋ ነበር። ሦስቱም እናት ይፈልጉ ነበር፤ ማናቸውም "ለሱ ይሁን" አላለም፤ ሌላውን ቀድሞ የሄደም የለም። እንዲሁ ተለያዩ፤ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ሳምንት ጓዴ ደወለልኝ። ጎርፍ ጀሪካኑን ወስዶታል፤ የእናኑ ቦታ እንደገና ጠፍቷል። "እማማ ደክመዋል" አለኝ። "ማሩ እንደተዘጋጀ ነው። አንዳቸውንም ልጄ ሳልል ልሞት ነው ወይ ይላሉ።"

መሥሪያ ቤታችን ዘንድሮ ሌላ መሣሪያ አስመጥቷል። ብቻውን ነው የሚሠራው፤ ማረሚያውን ራሱ ከሳተላይት ይቀበላል። ኮረብታ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይፈልግም። ሣጥኑ ሲከፈት ሁሉም አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ከዚያ ወንበሬ ላይ ተመልሼ ለብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ። ያን ቀን ይህ መሣሪያ ቢኖረን ኖሮ፣ እኔ በታሪኩ ውስጥ የለሁም ማለት ነው።

አሁን ወስኛለሁ። በዚህ ጊዜ አስፈቅጄ መሣሪያውን ይዤ እሄዳለሁ። አንማው ቁጥሩን ያመጣል፤ ጓዴ ይቀዝፋል፤ እኔም ጀልባው ላይ እማማ አትጠገብ አጠገብ እቀመጣለሁ። ፊቴን አይተውት አያውቁም። እናኑ ጋ ስንደርስ፣ ድምፄ እሺ ካለኝ፣ "የኮረብታዋ ልጅ እኔ ነኝ" እላቸዋለሁ።

ከዚያ ጣታቸውን ማሩ ውስጥ ነክረው ይዘረጋሉ። አንዱ ቦታዋን ያዘላት፤ አንዷ መንገዷን ጠበቀችላት፤ አንዱ በእጁ ነካት። ሦስቱም እናት የላቸውም። እናንተ ብትሆኑ፣ ያ ጣት ለማን ይገባዋል ትላላችሁ?