የደንገል ታንኳና የቸኮለው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ ደሴት በበዛበት ሐይቅ ላይ፣ አህያና ጅብ በአንድ ታንኳ ተሳፈሩ። ነገሩ የፍቅር አልነበረም፤ ዳርቻውን ድርቅ መትቶት ነው። ጅብ በሦስተኛው ደሴት ላይ ጉማሬ መሞቱን በጠረኑ አውቋል። አህያ ደግሞ ከዚያ ማዶ ባለው አራተኛ ደሴት ለምለም ሣር እንዳለ ሰምታለች። ታንኳው የእሷ ነው፤ መቅዘፍ የምታውቀውም እሷ ብቻ ናት። ጅብ ያልበላት በዚህ ምክንያት ነበር። ቀበሮም «ላስታርቃችሁ» ብሎ አብሯቸው ገባ።

ታንኳው ሐይቅ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የታሰረ ነው። ደንገል ደግሞ በተጓዘ ቁጥር ውኃ ይጠጣል። ስለዚህ በየደሴቱ ከውኃ ወጥቶ፣ ዛፍ ተደግፎ፣ ሁለት ቀን ፀሐይ መሞቅ አለበት።

በመጀመሪያው ደሴት አህያ ታንኳውን ሾላ ላይ አስደገፈችና አገሩን ልታይ ወጣች። ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላሉ፤ ከአለቱ ሥር ፍል ውኃ ይንፎለፎላል። ቀበሮ የወፍ እንቁላል አገኘ። ጅብ የሾላ ፍሬ ቀምሶ ተፋ።

ሁለተኛው ደሴት ሲደርሱ የጅብ ዓይን ከአህያ ጭን አልነቀል አለ።

«እመት አህያ፣ አሁኑኑ እንነሣ!»

«ከነገ ወዲያ፣ አያ ጅቦ።»

«ደርቋል እኮ! ንኪው!»

«ላዩ ደርቋል፤ ሆዱ ግን ውኃ ነው። በትከሻዬ መዝኜዋለሁ።»

«እስከዚያ ስንቄ አንቺ ትሆኛለሽ!»

አህያ ነገሩን አሰበችው። በእርጥብ ታንኳ ቢነሡ መስጠማቸው የተረጋገጠ ነው፤ መበላቷ ግን ገና አልተረጋገጠም።

«ብላኝ እንግዲህ» አለችው። «ማን ሊቀዝፍልህ ነው?» ብላው ወደ ሣሩ ሄደች።

ቀበሮ የታንኳውን ሆድ ዳስሶ እርጥበቱን አውቋል። የሚፈልገው የተራበ ጅብ ከአጠገቡ እንዲርቅለት ብቻ ነበር።

«ጌታዬ፣ ሁለት ጊዜ ሲቀዘፍ አይተው አሁንም መቅዘፍ ያቅትዎታል?» አለው ጅብን።

«እኔን? ምን ያቅተኛል!»

«ታዲያ ይሂዱ። እኔ እሷን እጠብቅልዎታለሁ።»

አህያ ስትመለስ ጅብ በታንኳው ከዳርቻው ርቋል። ታንኳው ወደ ግራ ዞረ፣ ወደ ቀኝ ዞረ፣ ከዚያ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ውኃው የጅብን ጉልበት አለፈ፤ ሆዱን አለፈ፤ አንገቱ ደረሰ።

«እመት አህያ! ኧረ ድረሺልኝ!»

ጅብን ብትተወው ታንኳውም መቅረቱ ነው። ዋኘች፤ የታንኳውን መጎተቻ ገመድ ነክሳ ከነተሳፋሪው ወደ ዳር ጎተተችው።

«ከእንግዲህ አንቺ ያልሽው ይሁን» አለ ጅብ፣ ውኃ እየተፋ።

ታንኳው አራት ቀን ደረቀ። ጅብ የሾላ ፍሬ በላ፤ አልተፋም። በአምስተኛው ቀን ሦስቱም ጉማሬው ጋ በሰላም ደረሱ።

ጅብና ቀበሮ ሥጋው ላይ ሰፈሩ። ሁለት ቀን ቀና አላሉም። አህያ በሁለቱ ቀናት ታንኳውን ፀሐይ አሞቀችው፣ በትከሻዋ መዘነችው፣ ከዚያ ሳትሰናበት ቀዘፈች። ጅብ ጠግቦ ቀና ሲል መሃል ሐይቅ ደርሳለች።

«ወዴት ነው? እኛንስ ማን ይመልሰናል?»

«ደንገል እዚያው ሞልቷል፤ እሰሩ! ማድረቁን ግን እንዳትረሱ!»

ጅብ ዘወር ብሎ ቀበሮን አየው። ቀበሮ ደንገል ማጨድ ጀምሮ ነበር።

ከዚህ የምንማረው፣ የጉዞን ዕረፍት እንደ ባከነ ጊዜ የሚቆጥር ሰው መንገዱንም መመለሻውንም እንደሚያጣ ነው።