ከችግኝ ጉድጓድ የወጣ ከሰል

ምስጋና ችግኝን ከዘር፣ ሰውን ከአፈር ላወጣው ጌታ ይሁን።

ስሟን የማልጠራት አንዲት የቆየች የደጋ ከተማ ነበረች። ከመስጊዷ ጀርባ ሸህ አሊጋዝ የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ቁርኣን ያስቀራሉ፤ ከዚያ የተረፋቸውን ጊዜ ጓሯቸው ውስጥ ያሳልፋሉ። የከተማው ሰው ሁሉ ባሕር ዛፍ ሲተክል እሳቸው ወይራና ዋንዛ ይተክላሉ። በዛፎቹ መሀል ደግሞ እሾሃማው አጋምና የክትክታ ቁጥቋጦ እንደ ልቡ እንዲያድግ ይተዉታል።

"ሸህ፣ ይሄ ወይራ እስኪደርስ እኮ እርስዎን ተሸክመን ቀብረንዎታል" ይሏቸዋል ጎረቤቶቻቸው።

"እንግዲያው ስትሸከሙኝ በጥላው በኩል አሳልፉኝ" ይላሉ።

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም የምጽፈው። ከአጥራቸው ማዶ ያለው ቦታ የአባቴ ነበር።

በድርቁ ዓመት አባቴና እናቴ በአንድ ወር ውስጥ ሞቱ። ስምንት ዓመቴ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አልዘረዝርም። ድንጋይ ፈልጫለሁ፤ ጆንያ ተሸክሜአለሁ። በሃያ ሦስት ዓመቴ ስመለስ ከቤታችን የቀረው እስከ ጉልበት የሚደርስ ግድግዳ ብቻ ነበር። የምተኛው መስጊዱ በረንዳ ላይ ነው። ክረምቱ ሊገባ ሁለት ወር ቀርቶታል፤ እኔ ግን ቤት የማቆምበት አንድ እንጨት የለኝም።

አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ሸህ አሊጋዝ በረንዳው ላይ መጡ። እጃቸው እስከ ክርናቸው አፈር ነው። መዳፋቸውን ዘረጉልኝ።

"እንድሬ፣ ይሄን ታውቀዋለህ?"

"ከሰል ነው።"

"የአባትህ ነው። ተነስ።"

በእኛ አካባቢ ድንበር ሲካለል ከድንበሩ ድንጋይ ስር አንድ እፍኝ ከሰል ይቀበር ነበር። ድንጋዩን ሰው ቢያነሳው እንኳ ከሰል ስለማይበሰብስ ምልክቱ አይጠፋም። ሸሁ ለችግኝ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያገኙት ያንን ከሰል ነው። ያገኙት ደግሞ ከአጥራቸው ስድስት እርምጃ ወደ ውስጥ ገብተው ነው።

"በድርቁ ጊዜ አጥሩን ሰው ነቅሎ አነደደው" አሉኝ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመን። "ኋላ መልሼ ሳጥር በግምት ነበር። ግምቴ ወደ ራሴ አደላ። ከዚህ ወዲያ ያለው ያንተ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ያለውን ቆጠርኩ። ስምንት ወይራና ሦስት ዋንዛ፤ በአሥራ አምስት ዓመት ያደጉ፣ ቀጥ ያሉ።

"ማን አየ?" አልኳቸው። ኑሮ ያስተማረኝ ጥያቄ ነው።

"እኔ አየሁ። አንድ ምስክር አነሰህ?"

ሁለት ሽማግሌ ጠርተው አስመሰከሩ፤ አጥሩንም በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ባለቤታቸው እሜ ዘሃራ ከበሩ ላይ ቆመው ያያሉ።

"ውሃውን ከወንዝ የተሸከምኩት እኔ ነኝ! ቢያንስ ያቺን ትልቋን ዋንዛ ለምኑት እንጂ!"

"ያንቺ አጅር አላህ ዘንድ ተጽፏል፤ ዘሃራ። እንጨቱን አብረሽ አትጠይቂ።"

"አጅሩንም እንጨቱንም ብፈልግ ምን አለበት?" አሉ እሜ ዘሃራ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ሸሁም ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። "እቆርጣቸዋለሁ፤ ቤት እሠራበታለሁ" አልኩ።

ሸሁ ዛፎቹን ቀና ብለው አዩ። "ሐላልህ ነው" አሉ። "እስክትቆርጣቸው ድረስ ግን ውሃ ላጠጣቸው? ትፈቅድልኛለህ?"

"ለሚቆረጥ ዛፍ?"

"ዛሬ እኮ ጠምቷቸዋል።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ውሃቸውን ይዘው አጥሩ የነበረበት ቦታ ላይ ይቆማሉ። "እንድሬ፣ ልግባ?" ይላሉ። ግቡ እስክላቸው ድረስ እግራቸውን አያነሱም። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። "ሸህ፣ በአላህ ይሁንብዎ፣ አይጠይቁኝ፤ ዝም ብለው ይግቡ!" አልኳቸው።

"የሰው ግቢ ነው" አሉ።

ዛፎቹን ከመቁረጤ በፊት ቦታውን ማጽዳት ጀመርኩ። አጋሙንና ክትክታውን በገጀራ ከስሩ ጨፈጨፍኩት። ቁጥቋጦና እሾህ ነው፤ ምን ይጠቅማል? በማግስቱ ሸሁ መጡ። "ልግባ?" አሉ፤ ግቡ አልኩ። ገንቧቸውን መሬት አስቀምጠው በጉልበታቸው ተንበረከኩ፤ የተቆረጠውን እሾህ በእጃቸው ገለጥ ገለጥ ማድረግ ያዙ። ከስሩ ጣት የምታክል ወይራ፣ አንገቷ ላይ የተቆረጠች። ሌላም። ሌላም። ዘጠኝ ቆጠርኩ። አሥረኛዋ ላይ እጃቸው ቆመ።

"ይቺ ተርፋለች" አሉ፤ ፊታቸው በራ።

ወይራን ሜዳ ላይ ብትተክለው ፍየል ይበላዋል፤ ከፍየል ቢያመልጥ ፀሐይ ይጨርሰዋል። ሸሁ ግን ከአጋም ስር ይተክሉታል። እሾሁ ፍየሉን ይመልሳል፤ ጥላው ፀሐዩን ያበርዳል። ይህን የማውቀው አሁን ነው። ያኔ አላውቅም ነበር።

"ለምን አልነገሩኝም?" አልኩ።

"ንብረትህን እያጸዳህ ምን ልበልህ?" አሉ። "ምናልባት ቦታውን የሰሰትኩብህ ይመስልህ ነበር።"

የተቆረጠውን እሾህ ሰብስቤ በአሥረኛዋ ዙሪያ ተከልኩላት። እጄ ደማ። እኔም በዚያች ቁመት ሳለሁ ዙሪያዬ የቆመ አልነበረም። ሸሁ የእጄን ደም በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

ከዚያ በኋላ መጥረቢያውን ማንሳት አቃተኝ። ክረምቱ ግን እኔን አይጠብቅም፤ የመጀመሪያው ዝናብ በረንዳው ላይ አገኘኝ። ሲነጋ ሸሁ ከድንበሩ ላይ ነበሩ፤ በትከሻቸው መጥረቢያ ይዘዋል።

"ልግባ?"

"ምን ሊያደርጉ?"

"ቤት ልንሠራ ነዋ! ሰው ዝናብ ላይ አድሮ ዛፍ ይጠብቃል እንዴ?"

ትልቋ ዋንዛ ስር ቆሙ። ቅርፊቷን ዳበስ አደረጉ፤ "ቢስሚላህ" ብለው የመጀመሪያውን ምት እሳቸው መቱ። ከእኔ ወገን እሷንና ሁለት ወይራ ብቻ አስቆረጡኝ፤ ወይራው ከጉቶው ተመልሶ እንዲያቆጠቁጥ ዝቅ አድርገው በስልት አስቆረጡኝ። ቀሪውን ስድስት ምሰሶ ከራሳቸው ወገን ቆረጡ።

"ሁለቱም ወገን ሲጎድል አይታይም" አሉ።

"አዎ፣ ለእናንተ አይታይም፤ ለተሸካሚዋ ግን ይታያል" አሉ እሜ ዘሃራ፤ የሠራተኛ ምሳ በራሳቸው ተሸክመው እየመጡ።

ምሳ ላይ ጠየቅኳቸው። "ሸህ፣ ያን ከሰል መልሰው ቢቀብሩት ዛፎቹ ሁሉ የእርስዎ ሆነው ይቀሩ ነበር። አልከበደዎትም?"

ጉርሻቸውን ጨርሰው መለሱልኝ። "ዛፍ በሐራም መሬት ላይም ይበቅላል፤ ኢባዳ ግን አይበቅልም።"

መትከል ለእሳቸው ኢባዳ፣ ለአላህ የሚቀርብ አምልኮ ነበር፤ ስለዚህ ቃላቸው ብዙ ዓመት አሰብኩ። ወይራው የማን መሬት ላይ እንደቆመ አይጠይቅም፤ ውሃ ካገኘ ያድጋል፤ ጥላውም ለሁሉም እኩል ነው። የሚጠየቀው ተካዩ ነው። እንግዲህ ስንቶቻችን ነን መልካም ሥራችንን በሰው ሐቅ ላይ ተክለን በማማሩ ብቻ ልባችን የሚረካው? ሸሁ አሥራ አንድ ዛፍ ሲያስረክቡ የፈለጉት ያቺን የአሥራ አምስት ዓመት ኢባዳቸውን ማዳን ነበር። እኔ ደግሞ በዚያው ቤትም አገኘሁ፤ አባትም አገኘሁ።

ሸህ አሊጋዝ ከሞቱ ቆይተዋል። ስንሸከማቸው በወይራው ጥላ በኩል አሳለፍናቸው። አሥረኛዋ ዛሬ ከጣሪያዬ በላይ ናት። እኔም ሸምግዬ ችግኝ እተክላለሁ፤ መጀመሪያ አጋሙን፣ ቀጥሎ ወይራውን። ጉድጓድ በቆፈርኩ ቁጥር ግን ችግኙን ከማስቀመጤ በፊት እጄን አፈሩ ውስጥ እሰድና ከሰል እፈልጋለሁ።