የቦራ ታሪክ እንዴት እንደተቃና

በአንበሳው ግዛት ሁሉም ነገር ሥርዓት ነበረው። ሣሩ የንጉሡ፣ ውኃው የንጉሡ፣ በሸለቆው ያለው ታላቁ የጎሾች ትምህርት ቤትም የንጉሡ ነበር። በበሩ ድንጋይ ላይ የተቀረጸው ዓርማ ግን አንበሳ ሳይሆን ቦራ የተባለች ጎሽ ነበረች። ንጉሡን እንቅልፍ የነሳውም ይኸው ነው።

አዲስ ለሚገቡት ወይፈኖችና ጊደሮች የዓርማውን ታሪክ የምታስተምረው መምህርት ዳለቻ ነበረች።

«በድርቁ ዘመን የዛሬው ንጉሥ አያት ጥጆቻችንን ሊለቅም ወንዝ ወረደ» ትላቸዋለች። «ቦራም መንጋውን ክብ አሠራችው፤ ጥጆቹ መሐል፣ ቀንዶቹ ወደ ውጭ። አንበሳው ቢዞር ቢዞር መግቢያ አጣና እንደ ራበው ተመለሰ።»

ከዚያ ሜዳ ታወጣቸውና ክቡን ታሠራቸዋለች። የትምህርት ቤቱ ልማድ ይህ ነበር።

አንድ ዓመት አያ ቀበሮ የትምህርት ሹም ሆኖ መጣና ጉባኤ ጠራ።

«ታሪካችሁን ልንነጥቃችሁ አይደለም የመጣነው» አለ ድምፁን አለስልሶ። «ልናቃናው ነው። ቦራ ለንጉሡ አያት ከነበራት ፍቅር የተነሳ በገዛ እግሯ ሄዳ ራሷን አበረከተች። ስለዚህ ከእንግዲህ ልማዱ ክብ ሳይሆን ሰልፍ ነው።»

«ቦራ እኮ በእርጅና ነው የሞተችው» አለች ዳለቻ።

ከጎሾቹ ሁሉ አንጋፋ የሆነው አባ መከታ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጄ፣ የምንግጠው የንጉሡን ሣር ነው። ለሞተች ብለን ያሉትን እናስርብ?»

ጉባኤው መሬት መሬቱን አየ። ዳለቻ ብዙ አሰበች። እኔ ብለቅ ቀበሮው ራሱ ያስተምራል፤ ብቆይ ግን ክፉ ቀን ሲያልፍ እውነቱን እነግራቸዋለሁ ብላ ቆየች። ጉዳቱ፣ ጎበዝ አስተማሪ ነበረች። አዲሱን ታሪክም እንደ አሮጌው አሳምራ፣ በዜማ ከሽና አስተማረችው። ዓመታት አለፉ፤ ክፉው ቀን ግን አላለፈም።

በመጨረሻ ንጉሡ ራሱ ለትምህርት መክፈቻው በዓል መጣ። ሰልፉ እየዘመረ ፊቱ ሲደርስ፣ በትምህርቷ ከሁሉ የላቀችው የዳለቻ ልጅ ሻሾ፣ ማንም ሳይጠራት ከረድፉ ወጥታ ወደ ንጉሡ አመራች።

ዳለቻ ሰልፉን ጥሳ ሮጠች። «ክብ ሥሩ» አለች፣ እያንዳንዳቸውን በቀንዷ እየገፋች። «ልጆቼ፣ ክብ ሥሩና መሐል አስገቧት።»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ክብ የሚባለውን የሚያውቅ አልነበረም። ሻሾ መዝሙሩን ሳትጨርስ በንጉሡ ጥፍር ሥር ወደቀች፤ የቀረውን ጓደኞቿ ጨረሱላት።

በማግስቱ ዳለቻ እንደ ምንም ተጎትታ ተማሪዎቿ ፊት ቆመች።

«ቦራ ራሷን አልሰጠችም» አለች። «የተማራችሁት ሁሉ ውሸት ነው። ቦራ ተዋግታ መንጋውን አዳነች። ዛሬውኑ ሜዳ እንውጣ፤ ላሳያችሁ።»

ከቦታው የተነቃነቀ የለም። ከኋላ አንድ ወይፈን በአክብሮት ተነሳ።

«መምህርት፣ ሐዘኑ ነው እንዲህ የሚያናግርዎት» አለ። «ታሪኩ እንደዚያ አይደለም።»

ከዚያም ሊያስታውሳት ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረላት። ሌሎቹም ተቀበሉት፤ አንዲት ቃል ሳይስቱ፣ እንዳይከፋት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። እስኪጨርሱ ድረስ አንዲት ጊደር ለዳለቻ ጎኗን ሰጥታ አስደገፈቻት።