አራቱ ጉድጓዶች

አንድ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ስሙ ውብሸት ይባላል። ከሱቁ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ይርዳው የሚባል ሌላ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ሁለቱ ሱቃቸውን የከፈቱት በአንድ ሳምንት ነው። አቡጀዲውም ካኪውም የሚመጣላቸው በአንድ መኪና ነው። ለዓመታት ጠዋት ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ተባብለው በራቸውን ይከፍቱ ነበር።

አንድ ዓመት ይርዳው በከተማው ዳር የጎበጠ አሮጌ ቤት ገዛ። ሰው ሁሉ ሳቀበት፤ ውብሸት ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ሳቀ። ይርዳው ግን ጋሽ ተገኝ የሚባሉ አናጺ ወስዶ አስጠገነው። ክረምቱ ሳይገባ አራቱንም ክፍል አከራየ።

ከዚያ ወዲህ ውብሸት ሰላም አጣ። ጨርቅ ሲለካ ዓይኑ ማዶ ነው። አንድ ቀን ለአንዲት ሴት አምስት ክንድ ብላው ስድስት ክንድ ቀደደላት፤ ያወቀው መርቃው ከሄደች በኋላ ነው። የይርዳውን ተከራዮች በስም ያውቃቸዋል። ኪራይ የሚከፍሉበትን ቀን ያውቃል። ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዞ በዚያ ቤት በኩል ያልፋል፤ ጣሪያው አፍስሶ እንደሆነ ለማየት። አያፈስም። ይርዳውን ሰላምታ ነፈገው። ቤቱን የጠገኑትን ጋሽ ተገኝን እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ፊቱን ያዞር ጀመር። ሽማግሌው ምን እንዳስቀየሙት አያውቁም ነበር።

ሚስቱ ዘርትሁን የምትመኘው ሌላ ነው። ከሱቁ ጀርባ ባለች አንዲት የኪራይ ክፍል፣ ከጨርቅ ጥቅል ጋር ተጣበው፣ አሥራ ሁለት ዓመት ኖረዋል። በእነዚያ ዓመታት ከአፋቸው እየቀነሱ ሺህ አምስት መቶ ብር አጠራቅመዋል፤ የራሳቸውን ቤት ሊገዙበት። ከዚያ ሌላ ምንም የላቸውም።

አንድ ቀን ደላላ መጣ። የሟች ፊታውራሪ ቤት ሊሸጥ ነው አለ፤ ስድስት ክፍል፣ የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ዋጋው ሺህ ሁለት መቶ።

«ሦስት መቶ ብር ይተርፈናል» አለ ውብሸት ለሚስቱ። «ይርዳው ቤቱን ያስጠገነው በሦስት መቶ ብር ነው፤ አጣርቻለሁ። ሁለቱን ክፍል እኛ እንኖርበታለን፤ አራቱን እናከራያለን። እሱም ያለው አራት ነው።»

«ሦስት መቶው የይርዳው ቤት ነዋ» አለች ዘርትሁን። «ይሄኛውን ማን አየው? ጋሽ ተገኝን ወስደህ አሳያቸው።»

«የይርዳውን ሰው?»

«አናጺ ናቸው እንጂ የይርዳው ሰው ምን ማለት ነው? ያገባቸው አስመሰልከው እኮ!»

ውብሸት ብቻውን ከደላላው ጋር ሄደ።

ቤቱ አዲስ ኖራ ተቀብቶ ያበራል። ውብሸት ክፍሎቹን ቆጠረ፤ በሮቹን ከፍቶ ዘጋ። ዞሮ በውጭ በኩል ሲመጣ ግን በማዕዘኑ ሥር አፈሩ ተቆፍሮ እንደገና የተደፈነ መሆኑን አየ። ወደ ሁለተኛው ማዕዘን ሄደ፤ እዚያም ተቆፍሯል። አራቱም እንደዚያው ናቸው።

«ማነው የቆፈረው?» ብሎ ዘበኛውን ጠየቀው።

«አቶ ይርዳው ናቸው፣ ከአናጺው ከጋሽ ተገኝ ጋር» አለ ዘበኛው። «ጋሽ ተገኝ ተንበርክከው እጃቸውን ከተቱ። ከዚያ አቶ ይርዳውን በጆሯቸው አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። መልሰው ደፈኑት።»

«ያወጡት ነገር አለ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጌታው። ጋሽ ተገኝ እፍኝ የምትሞላ ነገር በመሐረብ ቋጥረው ወጡ።»

የሟቹ ፊታውራሪ ወሬ በከተማው ይታወቃል። በጠላት ጊዜ ሲሸሹ ጠገራ ብራቸውን ቀብረው ሄዱ፣ ሳይመለሱም ሞቱ ይባላል። የት እንደቀበሩት ግን የሚያውቅ የለም። «ይርዳው አግኝቶታል» አለ በልቡ። «አግኝቶ ደፈነው። ቤቱን እስኪገዛ ነው።»

«ይርዳው ምን አለህ?» ሲል ደላላውን ጠየቀው።

ደላላው የገዢ ፊት ማንበብ ያውቅበታል። «ሐሙስ ገንዘቡን ይዤ እመጣለሁ ብለውኛል» አለ። «ለእርስዎ ስል ነው የምነግርዎት፣ ጋሼ።»

ውብሸት ሐሙስን አልጠበቀም። የዚያኑ ቀን ቀብድ ከፈለ፤ ማክሰኞ በምስክር ፊት ሙሉውን ቆጥሮ ተፈራረመ። ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ ይርዳውን ማዶ ሲያየው፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንዴት አደርክ?» አለው። ሰላምታው ከልቡ ነበር፤ ቁስሉ የሻረለት መስሎት ነበርና።

በማግስቱ ዶማ ይዞ ሚስቱን ወደ ቤቱ ወሰዳት። እዚያ ሲደርሱ ምስጢሩን ነገራት። ዘርትሁን እጇን በአፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ እሷም ቀሚሷን ሰብስባ አፈሩን በእጇ ትዝቅ ጀመር። የመጀመሪያው ማዕዘን ክንድ ሙሉ ተቆፈረ። የቋሚው እንጨት እግር ብቅ አለ። ውብሸት ነካው። እንደ በሶ ፈረሰ።

«ብሩስ?» አለች።

«ከሥሩ ይሆናል።»

ከሥሩ ምስጥ ነበር። ሁለተኛውም ማዕዘን ያው ነው። ሦስተኛውን ሲቆፍር ግድግዳው ሲጮህ ሰሙ። ከላይ እስከ ታች ተሰነጠቀ፤ አዲሱ ኖራ ከነምርጊቱ ተገንጥሎ እግራቸው ሥር ወደቀ። በስተጀርባው ያሉት ቋሚዎችና ማገሮች ውስጣቸው ተበልቶ ቅርፊት ብቻ ነበሩ። አራተኛውን አልቆፈረም። ዶማውን ጥሎ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ጋሽ ተገኝ ቤት ሄዶ ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ሽማግሌው መጋዝ እየሳሉ ነበር።

«ዛሬ ደግሞ ፊትህን ከየት አገኘኸው?» አሉት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሽ ተገኝ። በዚያ መሐረብ የቋጠሩት ምን ነበር?»

«የትኛው መሐረብ?»

«ከፊታውራሪው ቤት፣ ከማዕዘኑ ሥር።»

ሽማግሌው ነገሩ ሲገባቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ የውብሸትን ፊት አዩና ሳቁን ተዉት። «የቤቱ እግር ነው፣ ልጄ። ይርዳውን ሚስቱ ስለማታምነው በዓይኗ ትይ ብዬ ነው የቋጠርኩለት። ገዛኸው እንዴ?»

አብረው ሄዱ። ጋሽ ተገኝ መሮአቸውን ይዘው ቋሚዎቹን አንድ በአንድ ወጓቸው። የበሰበሰው ላይ መሮው እንደ ቅቤ ይገባል፤ ደህናው ላይ ቆም ይላል። ከሠላሳ ስምንቱ ቋሚ መሮውን ያቆሙት አሥራ አንድ ናቸው።

«እንጨቱን ብቻ መቀየር አይቻልም?» አለ ውብሸት።

«ቋሚ ስትቀይር ግድግዳው ይፈርሳል። ግድግዳው ሲፈርስ ጣሪያው መደገፊያ ያጣል፤ ስለዚህ ጣሪያው ይወርዳል። የወረደ አሮጌ ቆርቆሮ ደግሞ በድሮ ቀዳዳው አይመለስም፤ ግማሹን አዲስ ትገዛለህ። እንጨት አለ፣ ሚስማር አለ፣ ጭቃ የሚያቦካ ሰው አለ።» ጣታቸውን እያጠፉ አሰቡ። «ሺህ አራት መቶ ብር። ያውም ዝናቡ ከታገሠን።»

«ይርዳው ያወጣው ሦስት መቶ ነው።»

«የይርዳው ቤት እኮ የጥድ ቋሚ ነው። ጥድ ምስጥ አይደፍረውም። ከውጭ ጎብጧል፤ እግሩ ግን ደህና ነበር። የአንተ ደግሞ ተውቧል፤ እግር የለውም። የሰውየውን ቤት ገምተህ የራስህን ገዛህ።»

ውብሸት የቀረው ሦስት መቶ ብር ነበር።

ሽማግሌው ከሄዱ በኋላ ባልና ሚስቱ በዚያ ግቢ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ በሩ ተንኳኳ። ይርዳው ነበር። ዓይኑ ቀልቷል፤ ከስቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን አይተህ ነው የገዛኸው?» አለ፣ እንደምን ዋላችሁ ሳይል። «ይሄው ቀብድ መክፈልህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። ጋሽ ተገኝ ምስጥ ጨርሶታል አሉኝ፤ አምኛቸው ተውኩት። አንተ ግን ገዛህ። አንተ ደግሞ ሞኝ አይደለህም! ዛሬ ጠዋት ማዕዘኑን ስትቆፍሩ ያያችሁ ሰው አለ። ሽማግሌው አታለውኛል። አይደለም እንዴ? ንገረኝ!»

ውብሸት አፉን ከፈተ። ይርዳው ግን አላስጨረሰውም።

«ሺህ ስድስት መቶ ብር እሰጥሃለሁ። አሁን፣ እዚሁ። ልቀቅልኝ።»

ዘርትሁን ከባሏ ጀርባ ቆማ ነበር። ክንዱን ቆነጠጠችው። «ዝም በል» አለችው በሹክሹክታ። «ይግዛ። አሥራ ሁለት ዓመት ነው፣ ውብሸት። ዝም በል ብቻ።»

መዋሸት አያስፈልገውም ነበር። ዝም ማለት ይበቃዋል። ገንዘቡ ከነትርፉ ይመለሳል። ያ ሁለት ዓመት እንቅልፍ የነሣው ሰው ደግሞ የፈረሰ ቤት ታቅፎ ይቀራል። ጋሽ ተገኝ ያለ ጥፋታቸው አታላይ ተብለዋል፤ ያም ቢሆን የእሱ ጉዳይ አይደለም።

ውብሸት የይርዳውን ፊት አየ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቋል፤ ኖራው መሬት ላይ ተበትኗል። ይርዳው ግን ከገባ ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳ ወደ ቤቱ አልዞረም። የሚያየው ውብሸትን ብቻ ነው። ውብሸት ያንን አስተያየት ያውቀዋል። ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ፣ ክንዱ ላይ ጨርቅ ዘርግቶ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሲያይበት የኖረው ነው።

«ና» አለው። እጁን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ወሰደው። «እጅህን ክተት።»

ይርዳው ተንበርክኮ እጁን ከተተ። እፍኙን ሞልቶ ያወጣው ብናኝ ነበር። ሁለተኛው ጉድጓድ ላይም ሞከረ፤ ሦስተኛውም ላይ።

«ታዲያ ለምን ገዛኸው?» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

«አንተ የቆፈርከውን አይቼ። ሐሙስ ልትገዛው ነው ሲሉኝ።»

«እኔ? እኔ መቼ ሐሙስ አልኩ?»

ይርዳው ሊስቅ ፈለገ፤ አልሆነለትም። ብናኙን ከእጁ አራገፈና በቀጥታ ወደ ጋሽ ተገኝ ቤት ሄደ፣ ይቅርታ ሊጠይቅ።

ዘርትሁን ሦስት ቀን አልተናገረችም። ውብሸትም አናግሪኝ አላላትም። ጋሽ ተገኝ መጥተው አራቱን ክፍል አፈረሱ። ደህናውን ቆርቆሮና አሥራ አንዱን ቋሚ ለዩ፤ ሦስት መቶው ብር የሚበቃው ለሁለት ክፍል ብቻ ነበር። ለተከራይ የሚሆን አንድም አልተረፈም። ጭቃው ተቦክቶ ጭድ ተነሰነሰበት። ውብሸት ብቻውን ገብቶ ይረግጥ ጀመር፤ የሱቅ ሰው ነውና ጉልበቱ ቶሎ ከዳው።

በአራተኛው ቀን ዘርትሁን መጥታ ከዳር ቆመች። ጥቂት አየችው።

«እንደሱ አይረገጥም» አለችው። ጫማዋን አወለቀችና ገባች።

ይህን ታሪክ ይነግር የነበረው ባለቤቴ ነው። አናጺ ነበር። ቤት ልገዛ ነውና እይልኝ የሚል ሰው በመጣ ቁጥር፣ መሮውን ከማንሣቱ በፊት አስቀምጦ ይነግረው ነበር። አንዳንዱ ሰው ሰምቶ ሲያበቃ ቤቱን ለማየት እንኳ ሳይሄድ ይመለስ ነበር። እሱ ከሞተ ሰባት ወሩ ነው። የሚነግረው ሲጠፋ ታሪኩም እንዳይጠፋ ብዬ ጻፍኩት። ደግሞም ልደብቀው አልችልም፤ ባልና ሚስት ተቀዳድመው በር ሲከፍቱ ሳይ እኔንም ቅናት ይይዘኛል። ይህን ስጽፍ ግን የሰው በር ማየቱን ትቼ ከእሱ ጋር በዚህ በራሳችን ቤት የኖርኩትን አሰብኩ። ብዙ ነው።

አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ዋጋውን ሁለት ጊዜ መጠየቅ አለበት፤ አንዴ ባለቤቱን፣ አንዴ ቤቱን። ባለቤቱ በአፉ ይመልሳል፤ ቤቱ የሚመልሰው እግሩን ቆፍሮ ላየው ነው። ቀናተኛ ሰው ግን ዓይኑ ጎረቤቱ ላይ ስለሆነ ቤቱን አይጠይቅም። አንድ ጉድጓድ ሁለት ሰው ያየዋል፤ አንዱ ስንት እንደሚያስወጣው ይለካበታል፣ ሌላው የጎረቤቱን ሀብት ያይበታል።

እናንተስ? ዛሬ ልትገዙት የቸኮላችሁበት ነገር፣ ጎረቤታችሁ ፊቱን ቢያዞርበት ነገም ትፈልጉታላችሁ?