የአቶ ደምሰው ጋቢና የትርንጎ ካርቶን

ተረት ልነግራችሁ ነው። ቁጭ ብላችሁም ሆነ ቆማችሁ ስሙኝ፤ መሃል ላይ የሚያቋርጠኝ ሰው ግን አልወድም።

ወሩ ሐምሌ ነው። አቶ ደምሰው የሚባሉ ጡረተኛ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጠው «በረደኝ፤ ጋቢዬን ስጪኝ» አሉ። የጠየቁት ይችኑ ነው። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሌላ ጋቢ ሞልቷል። እሳቸው ግን ሃያ ዓመት የለበሱት፣ ከገላቸው ጋር የተዋወቀው ካልሆነ ሌላው ሁሉ ይኮሰኩሳቸዋል። ሰው ሲያረጅ እንዲህ ነው፣ ምን ይደረግ።

ጋቢው ደግሞ ማጠቢያ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ባፈና ጠዋት ከተቱት፤ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ዞረ፣ አጉረመረመ፣ የተቃጠለ ነገር ሸተተና ጸጥ አለ። በሩ እንደተቆለፈ ቀረ።

«ጋቢ ጋቢ፣ ና ውጣ፤ ደምሰው በረደው» አሉ ወይዘሮ ባፈና በመስታወቱ እያዩት።

«በሩ ሳይለቀኝ በየት ልውጣ?» አለ ጋቢው።

«በር በር፣ ጋቢውን ልቀቅ።»

«ጠጋኝ ሳይነካኝ አልለቅም» አለ በሩ።

በሩ ጋቢውን አልለቅ አለ፤ ጋቢው ከውሃው አልወጣ አለ፤ አቶ ደምሰው በረዳቸው።

በሦስተኛው ቀን ጠጋኙ ኸይሩ መጣ። ማሽኑን ዞር ዞር ብሎ አየና ራሱን ነቀነቀ። «እማማ፣ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ በሬ ያህላል፤ ማሽኑ አልቻለውም። የበሩ መቆለፊያ ተቃጥሏል። በጉልበት ልክፈተው ካልኩ ይሰበራል፤ ከተሰበረ ደግሞ ይጣሉትና አዲስ ይግዙ። ይጠገን ካሉ መቆለፊያውን ያምጡልኝ። ያለ እሱ በሩን አልነካም።»

ወይዘሮ ባፈና ማሽኑን ለገዛችላቸው ልጃቸው ለስምረት ደወሉ።

«እማዬ፣ ሰብሮ ያውጣውና አዲስ እገዛልሻለሁ» አለች ስምረት። «ዘመኑ ያለፈበትን ታቅፈሽ ምን ትሠሪያለሽ?»

ከአራት ዓመት በፊትም ስምረት ይህንኑ ቃል ተናግራ ነበር፤ ያን ጊዜ ስለ ማሽን አልነበረም፣ እሳቸውም እሺ ብለው ነበር። «አይሆንም፤ ይጠገን» አሉ።

ጠጋኙ በሩን አልነካ አለ፤ በሩ ጋቢውን አልለቅ አለ፤ ጋቢው ከውሃው አልወጣ አለ፤ አቶ ደምሰው በረዳቸው።

ወይዘሮ ባፈና ጃንጥላቸውን ይዘው መለዋወጫ ሱቅ ሄዱ። «ባለሱቅ ባለሱቅ፣ መቆለፊያውን ሽጥልኝ።»

«መቆለፊያ እንደ ሰው መልኩ ብዙ ነው» አለ ባለሱቁ። «የማሽኑን ቁጥር ሳላውቅ አልሸጥም። ተሳስቼ ሸጬ ማን ይረገማል?»

ከማሽኑ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ እርጥበት በልቶት ነበር። «እንግዲያው ማሽኑ የመጣበት ካርቶን ላይ ይኖራል» አለ ባለሱቁ። ካርቶን ሲባል ወይዘሮ ባፈና ፊታቸው ጠቆረ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት የዚያን ቤት ልብስ አሥራ አንድ ዓመት ያጠበችው ትርንጎ ነበረች። ማሽኑ በገባ ዕለት ትርንጎ ለሥራ ስትመጣ ዘበኛው በር ላይ አስቆማት። «ከእንግዲህ አትፈለጊም ተብሏል። ይህን ደግሞ ለቤቷ ይሆናታል ብለውሻል» ብሎ ባዶውን የማሽን ካርቶን ሰጣት። ብርድ እንዳይገባ የጭቃ ግድግዳ በካርቶን ይለበዳልና።

ባለሱቁ መቆለፊያውን አልሸጥ አለ፤ ጠጋኙ በሩን አልነካ አለ፤ በሩ ጋቢውን አልለቅ አለ፤ ጋቢው ከውሃው አልወጣ አለ፤ አቶ ደምሰው በረዳቸው።

ወይዘሮ ባፈና ነገ እሄዳለሁ እያሉ ሦስት ቀን አመነቱ። በሰባተኛው ቀን ወንዙን ተሻግረው፣ ጭቃውን እየረገጡ፣ ሰው እየጠየቁ የትርንጎን በር አንኳኩ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን መጥተው አያውቁም።

«እትዬ ባፈና! በዚህ ጭቃ? ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች ትርንጎ፤ ወንበሩንም በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችላቸው።

ተቀመጡና ቀና አሉ። ከአልጋው ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ካርቶኑ ተለጥፏል፤ የማሽኑ ሥዕል ቁልጭ ብሎ ይታያል። አራት ዓመት ሙሉ ትርንጎ ዓይኗን ስትገልጥ የምታየው እሱን ነበር።

«ካርቶን ካርቶን፣ ቁጥሩን ንገረኝ» አሉ በልባቸው።

«ቁጥሬ ወደ ጭቃው ዞሯል» አለ ካርቶኑ። «ትርንጎ ሳትልጠኝ አልናገርም።»

ለትርንጎ ነገሩን ሁሉ አጫወቷት። ትርንጎ ሰምታ ስታበቃ ነጠላዋን አስተካከለች።

«እልጥልዎታለሁ። አስቀድመው ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ያን ቀን ዘበኛው ሲመልሰኝ ቀና ብዬ አየሁ፤ መጋረጃው ተንቀሳቀሰ። ቤት ነበሩ?»

«እኔማ... ለቅሶ ሄጄ ነበር መሰለኝ» አሉ ወይዘሮ ባፈና።

ትርንጎ ለካርቶኑ ጀርባዋን ሰጠች።

ትርንጎ ካርቶኑን አልልጥ አለች፤ ካርቶኑ ቁጥሩን አልናገር አለ፤ ባለሱቁ መቆለፊያውን አልሸጥ አለ፤ ጠጋኙ በሩን አልነካ አለ፤ በሩ ጋቢውን አልለቅ አለ፤ ጋቢው ከውሃው አልወጣ አለ፤ አቶ ደምሰው በረዳቸው። ይህን ሁሉ ያሰረው አንድ ቃል ነው፤ ቃሉም ወይዘሮ ባፈና ጉሮሮ ላይ ተሰንቅሮ ነበር።

«ነበርኩ» አሉ በመጨረሻ። «መጋረጃውን ይዤ ቆሜ ነበር። ፊትሽን ካየሁ እንደማልችል አውቄ ተደበቅሁብሽ። ካርቶኑን በራስሽ ተሸክመሽ ዝናቡ እየመታሽ ስትሄጂም አየሁሽ። ልጠራሽ አፌን ከፈትኩ፤ ግን አልጠራሁሽም። ይቅር በይኝ፣ ትርንጎ።» ጉልበቷን ሊስሙ ዝቅ ሲሉ ትርንጎ ክንዳቸውን ይዛ «ኧረ በማርያም!» ብላ አነሣቻቸው።

ከዚያ በኋላማ ምን ልበላችሁ። ትርንጎ ካርቶኑን ላጠች፤ ካርቶኑ ቁጥሩን ተናገረ፤ ባለሱቁ መቆለፊያውን ሸጠ፤ ጠጋኙ በሩን ነካ፤ በሩ ጋቢውን ለቀቀ፤ ጋቢውም በዘጠነኛው ቀን ወጣ!

ወጣ እንጂ ምን ዋጋ አለው፤ ሻግቶ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ጥሎበት፣ እንኳን ሊለብሱት ሊጠጉትም የሚከብድ ሆኖ ነው። ኸይሩ «ማሽኑ ድኗል፤ መልሰው ይክተቱት» አለ። ወይዘሮ ባፈና አልደፈሩም። ውሃ ውስጥ የከረመ ጋቢ እንደሚሻግት የገባት ትርንጎ እንዶድ ወቅጣ አብራቸው መጥታ ነበርና፣ ጋቢውን በሳፋ ዘፈዘፈችው። ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ቁጢጥ ብለው አሹት። ነጠብጣቡ ፈዘዘ፤ ጨርሶ ግን አልለቀቀም።

ሊጨምቁት ተነሡ። ጋቢ ለብቻ አይጨመቅም፤ አንዷ ወዲህ አንዷ ወዲያ ሆነው ያዙት። ሲጠመዝዙት ከትርንጎ እጅ አመለጠ። እንደገና ያዘች፤ እንደገና አመለጣት። ጣቶቿ አልጨበጥ ብለው ነበር።

«ምን ሆነሽ ነው? ከመቼ ጀምሮ ነው?» አሉ ወይዘሮ ባፈና ደንግጠው።

«ቁርጥማት ነው። እርስዎ ቤት እያለሁ ነው የጀመረኝ» አለች ትርንጎ እጇን ቀሚሷ ላይ እያበሰች። «ሁለት ዓመት ደበቅሁዎት። አንሶላውን በጥርሴ ይዤ እጨምቅ ነበር። ካወቁ ያባርሩኛል ብዬ ነዋ።»

ወይዘሮ ባፈና «ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ ማሽኑን ላንቺው ማገዣ እናደርገው ነበር» ሊሉ ከጀሉ። ግን እውነት እንደሆነ እሳቸውም አላወቁም፤ ስለዚህ ዋጡት። እንባቸው ግን አልዋጥ አላቸው።

«ይተዉት፣ እትዬ» አለች ትርንጎ። «ባለፈ ክረምት ቤት አይሠራም።»

የጋቢውን አንድ ጫፍ በረንዳው ብረት ላይ አሰሩት። ሌላውን ጫፍ ወይዘሮ ባፈና ይዘው ጠመዘዙ። ትርንጎ እጆቿን አጣጥፋ ቆማ «ወደ ቀኝ፣ አሁንም ወደ ቀኝ፣ ትንሽ ይቀረዋል» ትላቸው ነበር።

አቶ ደምሰው ጋቢያቸውን አገኙ። ተረቴም አለቀ፤ ጋቢው ግን እስኪደርቅ ሦስት ቀን ፈጀ።