ማሳው፣ ፓውዛውና ጉማሬው

በአንድ ወቅት፣ ጣና ዳር፣ ውዴነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ሀብቷ ውሃው ዳር ያለች አንዲት የበቆሎ ማሳ ብቻ ናት። ታዲያ ጉማሬ ሲመሽ ከሐይቁ እየወጣ፣ በቆሎው ገና ሳያሽት ይግጥላት ጀመር። ሦስት ወንዶች ልጆቿን ጠርታ፣ «ይቺን በቆሎ ጎተራ ያደረሰልኝ ማሳዋን ይውረስ» አለች።

ትልቁ ምናሉ ከተማ መብራት የሚዘረጋ ነው። በፀሐይ የሚሠራ ፓውዛ ይዞ መጣና የማሳው መጠበቂያ ማማ ላይ አቆመው። ሲመሽ ማሳው ቀን ሆነ! ጉማሬው ግማሽ ገላውን ከውሃው አውጥቶ አየ፣ አየና ተመለሰ። ውዴነሽ እልልታዋን አቀለጠችው።

«የኔ አንበሳ! ማሳዬን ሙሽራ አስመሰልካት እኮ!»

ምን ዋጋ አለው፣ ያ መብራት የአገሩን የእሳት ራት ሁሉ ጠራ። የእሳት ራት ሲለቅም የሚያመሸው የሌሊት ወፍ ደግሞ ብርሃኑን ሸሽቶ ጠፋ። የእሳት ራቱ ከጣለው እንቁላል ተምች ተፈለፈለ፤ ቅጠሉ ወንፊት ሆነ።

መካከለኛው አያልነህ ፓውዛውን ድርግም አደረገው። ጎረቤት በደቦ ጠርቶ፣ «ወይ ወገቤ!» እያለ ተምቹን ከየቅጠሉ እየለቀመ ጨፈለቀ። የሌሊት ወፉ ተመለሰ፤ በቆሎው አገገመ። ጨለማውን ያየ ጉማሬም ተመለሰና አንዱን ጥግ ጠራርጎ በላ።

ትንሹ ሽታሁን የጉማሬውን ዱካ ተከተለ። ዱካው የሚያልፈው አባታቸው በሕይወት ሳለ ሳያርስ በሚተዋት፣ ውዴነሽ ግን ዘንድሮ ባሳረሰቻት ቀጭን መሬት ላይ ነው። ማጭዱን አነሣና እዚያ የቆመውን በቆሎ ያጭድ ገባ።

«ኧረ አበድክ! ጉማሬው አነሰኝ?»

«እማ፣ መንገዱ እኮ ነው። ይለፍበት።»

ግራ ቀኙን በእሾህ አጠረ። ጉማሬው በመሀል እየተጎማለለ ከማሳው ማዶ ወዳለው ሣር አለፈ፤ ሌላውን በቆሎ አልነካም።

በቆሎው ጎተራ ገባ። ጠብም አብሮ ገባ።

«እኔ ባላበራ ከየትኛው በቆሎ ላይ ትለቅሙ ነበር?» አለ ምናሉ።

«ተምቹን ማን ጠራውና!» አለ አያልነህ።

«አንተስ መብራቱን አጥፍተህ ጉማሬውን አላስገባህም?» ብሎ ሽታሁን ሳቀ።

ሁለቱ እሱ ላይ ዞሩ። «አንተ ደግሞ የእናትህን መሬት ለጉማሬ መርቀህ ወራሽ ልትሆን ነው?»

ውዴነሽ ጎተራው አጠገብ ቆማ ተራ በተራ አየቻቸው። ያበራውን ስታይ ተምቹ ትዝ ይላታል፤ ያጠፋውን ስታይ ጉማሬው፤ ያጨደውን ስታይ ያቺ የቀረችባት መሬት። ሦስቱም ባይኖሩ ግን ጎተራው ባዶ ነበር። ቃል ሰጥታለች፤ የእርሻው ጊዜም ደርሷል።

በሉ እንግዲህ ፍረዱ፤ ማሳዋን ለማን ትስጥ?