ያለ ኢንተርኔት የኖሩ አባቶች

የቴክኖሎጂ ቢሮው ኃላፊ አቶ ደምሰው፣ ቢሮው ባሻው ጊዜ ኢንተርኔት መዝጋት እንዲችል የሚፈቅድ አንቀጽ ያለበት ረቂቅ ደንብ አዘጋጁና የሶፍትዌር ሠሪዎችን ማኅበር ለውይይት ጠሩ። የማኅበሩ ተወካይ ትርሲት ተነሥታ፣ «ኢንተርኔት በተዘጋ ቁጥር የኛ ሰው ሥራ ይፈታል፤ ይህ አንቀጽ ይውጣልን» አለች።

ኃላፊው ፈገግ አሉ። «ለመሆኑ አባቶቻችን ኢንተርኔት ነበራቸው? ያለሱ መኖር አቅቷቸው ነበር? እስቲ መልሽልኝ።»

አቅቷቸው ነበር ብትል አባቶችን መስደብ፣ አላቃታቸውም ብትል አንቀጹን ማጽደቅ ሊሆንባት ነው። ትርሲት ሳቋን ዋጥ አድርጋ በትሕትና እጅ ነሣች።

«ኧረ አላቃታቸውም ጌታዬ፤ ደህና አድርገው ኖረዋል። የቴክኖሎጂ ቢሮ ኃላፊም አልነበራቸውም።»

አቶ ደምሰው የአዳራሹ ሳቅ ጋብ እስኪል ጠበቁና፣ «በሉ እሺ፣ አንቀጹ ይውጣ» አሉ።